ቀይ እርሳስ ያልነካው አንቀጽ

አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር ቀይ እርሳሴን ቀርጬ እቀመጣለሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነኝ፤ የሰው ስህተት እየለቀምኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ከሥራ ውጪ ደግሞ ለተቃዋሚው ፓርቲያችን ጋዜጣ የመንግሥትን እንከን እለቅማለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሕግ ከእጄ ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ አንቀጽ ላይ እርሳሴ ቆመ። መስማት የተሳነው ታካሚ ሆስፒታል ሲመጣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይመደብለታል፤ ቤተሰቡ እንዲያስተረጉምለት አይገደድም ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከታች ወደ ላይም አነበብኩት፤ እኛ አራሚዎች የተደበቀ ስህተት የምናወጣው እንደዚያ ነው። ምንም የለም።

"ምነው ዝም አልክ? አመመህ እንዴ?" አለች ባለቤቴ ብቅ ብላ።

"እንከን አጣሁበት።"

"ውይ በሞትኩት! ሐኪም ልጥራ?"

ነገሩ ለኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። አናጺው ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ መስማት የተሳነው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም ቤት አፉም ጆሮውም እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤቱ እሄድና መንግሥትን በሁለት እጄ አማለሁ። "ሕዝቡ እንዳይደነግጥ እያሉ እውነቱን ይደብቁናል። ሕፃን ነን?" እለዋለሁ። እሱ መላጊያውን አስቀምጦ በትዕግሥት ያየኛል።

ሰኞ የዓይን ቀጠሮ ነበረው። ካርድ ክፍል እንደደረስን ደረቴን ነፍቼ "አስተርጓሚ ይመደባል ይላል ሕጉ፤ የታል?" አልኩ። እንደማይኖር እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀት ላይ የጻፉትን መቼ ሠርተውት ያውቃሉ? የለም ይሉኛል፣ ለጋዜጣው አንድ ጥሩ ጽሑፍ አገኛለሁ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ራሴ አስተረጉማለሁ።

"ሁለተኛው በር ግቡ፤ እየጠበቀቻችሁ ነው" አለች ሠራተኛዋ።

አስተርጓሚዋ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ጋሼን ሰላም ስትለው ጣቶቿ ከኔ በእጥፍ ይፈጥናሉ። ፊቱ ሲበራ አይቼ ቀናሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንት ነገር አሳጥሬ ነግሬው ይሆን ብዬም አሰብኩ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙ የጋሼ የግራ ዓይን ብርሃን እየሄደ እንደሆነ፣ ቀኙም ሊከተል እንደሚችል ነግሮኝ ነበር። ቀዶ ጥገና ሊያድነው ይችላል፤ ዋስትና ግን የለውም። እኔ ለጋሼ ያደረስኩት "ደክሞሃል፣ ጠብታውን አድርግ" የሚለውን ብቻ ነው። ሰው የሚለውን በዓይኑ ለሚሰማ ሰው ይህን በየትኛው እጄ ልንገረው?

ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ካርዱን ገልጦ ወደ ጋሼ ዞረ። "ባለፈው ነግሬዎት አልነበር? እንዴት እስካሁን አልወሰኑም?"

አስተርጓሚዋ ምንም ሳትቀንስ አደረሰችለት። ጋሼ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን፣ በመጨረሻ እኔን አየ።

"ታውቅ ነበር?" አለኝ በእጁ።

"አዎ።"

"ለምን ደበቅከኝ?"

"እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።"

እጄ ገና ሳይወርድ ምን እንዳልኩ ገባኝ። እሱም ገብቶታል። "ሕፃን ነኝ?" አለኝ፣ ልክ እኔ እሑድ እሑድ እንደምለው አድርጎ። ከዚያ በሩን አሳየኝ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። መንግሥትን አሁንም አልወደውም፣ ስለ ሌላው ሁሉ ነገም እወቅሰዋለሁ። ይህን አንቀጽ የጻፈው ግን ማን ይሆን? የትኛው ቢሮ ተቀምጦ ነው "ቤተሰቡ" የምትለዋን ቃል ያሰባት? እሱም እንደኔ ያለ ወንድም ያስተረጎመለት ሰው ይሆን? ቀይ እርሳሴን አውጥቼ ለጋዜጣው ጽሑፌ በያዝኩት ወረቀት ራስጌ "ይህ አንቀጽ ጥሩ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ያበደ ይመስላቸዋል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሼ አንድ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ እየከተተ ወጣ። ዘልዬ ተነሣሁ።

"ሐኪሙ ምን አለህ? ቀዶ ጥገናውን ልታደርግ ወሰንክ?" አልኩት በእጄ።

ጋሼ ፊቱን ሳያጠቁር፣ ረጋ ብሎ መለሰልኝ።

"ደክሞሃል አለኝ። ጠብታውን አድርግ አለኝ።"