መሪው የሚያርፍበት ቀን

ኒባራን ሃልዳር በካልካታ «አልሄድም» በማለት የታወቀ የታክሲ ሾፌር ነበር። ተሳፋሪው ገና አፉን ሲከፍት «ሃውራ አልሄድም፣ ድልድዩ ዝግ ነው» ይልና መስኮቱን ይዘጋል። ሚስቱን ማላቲን እንኳ ስንት ቀን እንዲሁ መንገድ ላይ ጥሏት ሄዷል። ሆዱ ደግ ነው፤ ግትርነቱን ግን በቅሎም አትችለውም።

በሠላሳ አንድ ዓመት ሦስት መኪና ሲለውጥ ያንኑ አንድ መሪ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ነው የነዳው። አምባሳደር የተባለችው የመጨረሻዋ ቢጫ መኪናው ዕድሜዋ አልፏል ተብላ በሕግ ስትወሰድበት፣ መሪውን ነቅሎ ወደ ቤት ይዞት መጣ። ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ እየጨመቀ እንዲለማመድ የጎማ ኳስ ቢሰጠው «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብሎ በመስኮት ወረወረው።

«ቶሎ ካልተለማመደ እጁ እንደዚሁ ይቀራል» አላት ሐኪሙ። ይህ ቃል ከማላቲ ሆድ አልወጣም። መሪውን በአሮጌ ሳሪ ልብሷ ጠቅልላ፣ መኪናውን ሲጠግንለት ወደኖረው መካኒክ ወደ ሲራጁል ወሰደችው።

«ቦውዲ፣» አላት፤ የወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። «ይሄማ መሪ አይደለም፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቂጣ ነው!»

«ቂጣ ከሆነ ብላው! ካልሆነ ጠግነህ በረንዳችን ብረት ላይ እሰርልኝ፤ ኳስ እንቢ ያለ እጅ መሪ እንቢ አይልም። ለቪሽዋካርማ በዓል ይድረስ፤ ባሌ በየዓመቱ ለመሪው አበባ ያደርግለት ነበር።»

«በዋዜማው አስርልሻለሁ። በበዓሉ ግን ፒንሳ አልነካም። የእጅ ባለሙያ አምላክ ቀን አይደል? እኔ ሙስሊሙ እንኳ መዶሻዬን አሳርፋለሁ።»

ማላቲ ስቃበት ሄደች።

ሲራጁል ስንጥቁን በሞረድ ከፈት እያደረገ ስቱኮ ሞላው፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ልታይ በመጣች ጊዜ በቀኝ በኩል የባሏ አውራ ጣት ያጎደጎደውን ቦታ አሳያት።

«ይሄንንስ ልድፈነው?»

«እሱን ነክተህ እንዳላይህ!»

መሪው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ በዋዜማው፣ ኒባራን የቀትር እንቅልፉን ሲተኛ በብሎን ታሰረ። በበዓሉ ጠዋት ማላቲ ብርቱካናማ አበባ አንጠልጥላበት ባሏን ደግፋ አመጣችው።

ኒባራን አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«በል ያዘው፣ የቡላ አባት» አለችው፣ በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ዛሬ?» አለ ኒባራን። «በበዓሉ መሪ ስነካ አይተሽኝ ታውቂያለሽ? መሣሪያ ዛሬ ያርፋል።»

«ሥራ ካቆምክ ዓመትህ! የምን መሣሪያ ነው ያለህ?»

ቃሉ ካፏ አመለጣት። ኒባራን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማላቲ ወጥ ቤት ገብታ ሩዙን እያጠበች አለቀሰች። ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በዚያ እጅ ላይ ነበር፤ አሁን በገዛ ምላሷ አበላሸችው።

በማግስቱ ማለዳ አልጋው ባዶ ነበር። ደንግጣ ወደ በረንዳው ስትወጣ ኒባራን ካኪ የሾፌር ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ መሪው ፊት ተቀምጧል። በግራ እጁ ቀኙን አንስቶ መሪው ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣቱ የድሮ ቦታውን አገኘ። ሌሎቹ ጣቶች ቆይተው፣ አንድ በአንድ፣ እየተንቀጠቀጡ ታጠፉ።

ማላቲ ወንበር ስባ ከኋላው ተቀመጠች።

«ሃውራ ጣቢያ» አለች፣ እንደ ተሳፋሪ።

«ሃውራ አልሄድም። ድልድዩ ዝግ ነው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ያቃጠላት ቃል ነው። አሁን ግን እያለቀሰች ሳቀች።

«ታዲያ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ኒባራን መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«መጀመሪያ የኋላውን በር በደንብ ዝጊው» አላት።