የረቡዕ ሳቅ

በእኛ በእንግሊዟ ዊትቢ ከተማ ረቡዕ ከሰዓት ጡረተኞች በግማሽ ዋጋ ሲኒማ ይገባሉ። የሚታየው የድሮው ጥቁርና ነጭ ኮሜዲ ነው፤ ጌቶችና እመቤቶች ሻይ እየጠጡ፣ "ይቅርታ" እየተባባሉ በነገር የሚነካከሱበት። በሩ ላይ ትኬት ስለምቆርጥ ሚስተር ኤድገር ሶውደንን በደንብ አውቃቸዋለሁ። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ የነበሩ፣ ትዳር ያልያዙ ሰው ናቸው።

ሚስስ ኖሪን ቲዝዴል ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያ ቀን ሚስተር ሶውደን አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ሶውደን ብድግ አሉ።

"ይቅርታ፣ ቦታዎን ያዝኩብዎት እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም! እኔ ነኝ የረበሽኩዎት።"

"የለም፣ የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ይኸው ሲቀጥል ከኋላ አንዱ፣ "ፊልሙ ገና አልተጀመረም እኮ!" ብሎ አዳራሹን አሳቀው። በመጨረሻ መሃላቸው አንድ ወንበር ትተው ተቀመጡ። ለዓመታትም እንደዚያው ቀሩ።

ሚስስ ቲዝዴል ሲስቁ እንባቸው ይፈሳል። ሶውደን ደግሞ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

አንድ ጊዜ፣ ሴትዮዋን ላግባሽ ሊል በመጣ ቁጥር ስለ ዝናብ አውርቶ የሚመለስ ሰው ያለበት ፊልም ታየ። ሲወጡ በሩ ላይ ሰማኋቸው።

"እንዲህ ያለ ቂል!" አሉ ሚስስ ቲዝዴል። "ምናለ አንዴ እንኳ ቢናገር?"

ሶውደን እስከ ጆሯቸው ቀሉ። "ደፋር እንዳይባል ፈርቶ ይሆናላ።"

"እሷ ደፋር ብትወድስ?"

ሶውደን ባርኔጣቸውን አነሱ። "ነፋሱ በርትቷል፣ ኮትዎን ይቆልፉ" ብለው ሄዱ።

በዚያው ክረምት ሚስስ ቲዝዴል ቀሩ። ሶውደን በየሳምንቱ በሩን እያዩ ይቀመጡ ነበር።

"ቤታቸው ሄደው አይጠይቋቸውም?" አልኳቸው።

"ሳይጠሩ ሰው ቤት እንዴት ይኬዳል፣ ልጄ?"

የሚስስ ቲዝዴልን ሞት ከጋዜጣ አንብቤ ለሶውደን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ወደ ቀብሩ አብረን ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሶውደን ከኋላ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሲያበቃ የሚስስ ቲዝዴል ልጅ ሮዝሊን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰው ትጨብጥ ነበር።

"ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም" አለቻቸው።

"ምንም አይደል። ሲኒማ ቤት... ከእናትሽ አንድ ወንበር አልፌ ነበር የምቀመጠው።"

ሮዝሊን እጃቸውን እንደያዘች ቀረች። "ሚስተር ሶውደን! እማዬ እኮ ሆስፒታል ተኝታ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር። 'ልጥራቸው?' ስላት፣ 'ተይ፣ ማስቸገር ይሆናል፤ ከፈለጉ ራሳቸው ይመጣሉ' አለችኝ።"

"እኔ እኮ..." አሉ ሶውደን። "እኔም ማስቸገር መስሎኝ..."

ከዚያ በላይ አልቻሉም። እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ በሰው ፊት እንዲህ አያለቅስም። ከበስተኋላ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ የጫማውን ጫፍ ያይ ጀመር።

ሮዝሊን ግን ክንዳቸውን ያዘች። "ቤት እንሂድና ሻይ እንጠጣ።"

"አይ፣ አላስቸግርሽም..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ተከትለዋት ሄዱ። እስኪመሽ ስለ እናቷ ሲያወሩ ዋሉ ብላኛለች።

ወደ ሲኒማው ግን አልተመለሱም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ "ይምጡ እንጂ፣ ጥሩ ፊልም አለ" እላቸዋለሁ።

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ" ይሉኛል። "ብቻዬን አያስቀኝም።"