ሰፊው አልጋ ያለበት ክፍል

ከገሳይ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንታሁን መኪናውን በድንገት አቆመና ወረደ። አንድ ገበሬ በጎቹን እየነዳ አስፋልቱን ሲያቋርጥ፣ ሁለቱ በጎች በዝናቡ ደንብረው መሃል መንገድ ላይ ተገትረው ነበር። ፈንታሁን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሰውየውን በጥፊ አጮለው። ገበሬው የለበሰውን ብርድ ልብስ ሰብስቦ "ኧረ በእመቤታችን!" ከማለቱ በሌላ ጥፊ ደገመው። ሦስተኛው እርግጫ ነበር። ሰውየው ጎርፍ በሞላው ቦይ ውስጥ በጀርባው ወደቀ፤ በጎቹም ወደየአቅጣጫው ተበተኑ።

ፈንታሁን ተመልሶ ገባ፤ እጁን በሱሪው ጠረገና መኪናውን አስነሳ።

"ጾሙ ነው" አሉ ከጎኑ የተቀመጡት እናቱ እማማ ማሬ። "ራብ ሲነካው ከልጅነቱም እንዲህ ነው።"

ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብለው ሲያዩ ምራታቸው ሶስና የልጇን የቃልኪዳንን ጆሮ በሁለት እጇ ደፍና በመስኮቱ ወደ ጉና ተራራ ትመለከታለች። ጉና ግን በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር።

ፈንታሁን ባሕር ዳር ውስጥ ሲሚንቶና ብረት ይነግዳል። ሶስና አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ የደብረ ታቦርን በዓል በስሙ በተጠራው ከተማ እናክብር ብሎ ሚስቱንና የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። እናቱን ከገሳይ ሲወስዳቸው "ለምን እዚሁ ቤታችሁ አታድሩም?" ቢሉት አልሰማም። "ሽርሽር እኮ ነው እማዬ! አንቺም በዕድሜሽ አንድ ጊዜ እንደ ሰው ሆቴል ተኚ" አላቸው። እማማ ማሬ ደስ ብሏቸው ነበር። አዲሱን ነጠላቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ቅቤ አስነክተው ነው የወጡት።

ሆቴሉ በበዓሉ እንግዳ ጢም ብሏል። የቀሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች ብቻ ነበሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት በሮቹን ከፍታ አሳየቻቸው። አንደኛው ሰፊ አልጋ፣ ቴሌቪዥንና የመስታወት በር ያለው በረንዳ አለው። በሌላው ውስጥ ሁለት ጠባብ አልጋዎች ተዘርግተዋል፤ ሙቅ ውሃውም አይሠራም።

ሶስና ከሁሉም ቀድማ ተናገረች። "እኔና ቃልኪዳን ከእማማ ጋር እንሁን። አንተ ስትነዳ ነው የዋልከው፤ ሰፊው ላይ ብቻህን ተዘርጋበት። ለእኛ አንድ ፍራሽ ይጨመርልናል።"

"ፍራሽ አለ" አለች ወጣቷ። "ትርፍ ብርድ ልብስም እናመጣለን።"

ፈንታሁን ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ዞሮ ሳቀ። "አየሽ? ሚስቴ ከእኔ ጋር መተኛት ትፈራለች።"

"ስለምታንኮራፋ ነው" አለች ሶስና፤ ለመሳቅ ሞክራ አልሆነላትም።

"እንግዲያው እማዬ ትምረጥ። ታላቅ እሷ ናት።"

ሶስና ወደ እማማ ማሬ ዞረች። ዓይኗን ብቻ ጣለችባቸው። እማማ ማሬ ያን ዓይን አዩት። ያዩትን ግን ሊያውቁት አልፈለጉም። በባዕድ ሰው ፊት ሚስት መኝታ ስትለይ መስማቱ አሳፍሯቸዋል፤ በአገራቸው እንዲህ ያለች ሴት ወይ ልትፈታ ነው ወይ ባሏን ንቃለች ይባላል። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው መተኛት አምሯቸው ነበር።

"ምን ምርጫ አለው?" አሉ። "ባልና ሚስት በአንድ ክፍል፣ እኔና ቃልኪዳን በአንድ ክፍል። አበቃ።"

የሶስና ፊት አመድ መሰለ። "እሺ እማማ። አንቱ እንዳሉ።"

"ከእናቴ ጋር ነው የምተኛው!" ብላ ቃልኪዳን የእናቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች። እማማ ማሬ "ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ!" እያሉ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቁና ይዘዋት ገቡ።

ምሳ በልተው ስለነበር፣ ዝናቡ እስኪያባራ ሁሉም ጋደም ሊል ተስማማ። እማማ ማሬ ጫማቸውን አውልቀው ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ፍራሹ ወደ ውስጥ ዋጣቸው። እድሜ ልካቸውን መደብና ጠፍር አልጋ የለመደ ጎናቸው ምን እንደነካው ግራ ገባው፤ ለብቻቸው ፈገግ አሉ። ቃልኪዳን ግን አልተቀመጠችም። በሩ ጋ ቆማ ቁልፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታዞራለች።

"አያቴ፣ ይሄ ከውስጥ ይቆለፋል።"

"ይቆለፍ እንጂ፤ በር አይደል?"

"የእኛ ቤት መኝታ ቤት አይቆለፍም። እናቴ ቆልፋበት ስታድር አባዬ ቁልፉን በመዶሻ ነቀለው።"

የእማማ ማሬ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከግድግዳው ማዶ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ የፈንታሁን ድምፅ መጣ፤ ጩኸት ሳይሆን ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ ድምፅ። "የሆቴል ሠራተኛ ፊት? እናቴ ፊት? እኔን?" በየቃሉ መሃል እንደ ጅራፍ የሚጮህ ነገር አለ። የሶስና ድምፅ ግን የለም።

ቃልኪዳን አልጋው ሥር ገባች። ትራስ ጆሮዋ ላይ ደፍታ "አቡነ ዘበሰማያት" ማለት ጀመረች፤ ፈጥና ፈጥና፣ እንደለመደ ሰው።

እማማ ማሬ ያን ዝምታ ያውቁታል። ባላቸው ጥላዬ በሕይወት ሳለ እሳቸውም እንዲህ ዝም ይሉ ነበር፤ የጮኸች ሴት ዱላው ይብስባታልና። ጥላዬ በሞፈር መትቶ ትከሻቸውን ሲሰብረው ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። "የባልና ሚስት ጠብ ነው" ብሎ እሳቱን ዳፍኖ ተኝቷል። አንድ ሰው ብቻ ነበር የደረሰላቸው፤ ያኔ ሰባት ዓመቱ የነበረው ፈንታሁን። የአባቱን እጅ በጥርሱ ይዞ ደም እስኪወጣ አለቀቀም፤ ከግድግዳ ጋር ሲያላትመውም አለቀቀም።

ምርኩዛቸውን አነሡና በባዶ እግራቸው ወጡ።

"ፈንታሁን! ክፈት!"

"ተኚ እማዬ። ቴሌቪዥን ነው።"

በሩን በምርኩዛቸው ነረቱት። በኮሪደሩ ላይ አንድ በር ተከፈተ፤ የሰው ፊት ብቅ አለና መልሶ ተዘጋ። ሌላም ተከፍቶ ተዘጋ። እማማ ማሬ ባሰባቸው። "በፍልሰታ! በጌታ በዓል! ክፈት አንተ የጥላዬ ልጅ!"

በሩ ተከፈተ። ፈንታሁን ቀበቶውን በቡጢው ላይ ጠምጥሞ፣ ዘለበቱን ወደ ታች አንጠልጥሎ ቆሟል። ከኋላው ሶስና በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተኮራምታለች። ከቅንድቧ የሚወርደው ደም ነጩን አንሶላ አቅልሞታል።

"የእኛ ጉዳይ ነው" አለ። "ግቢና ተኚ።"

እማማ ማሬ በክንዱ ሥር ሾልከው ገቡና ከሶስና ፊት ቆሙ። "እንግዲህ መጀመሪያ እኔን" አሉ።

ምናልባት ሚስቱን ሊመታ ነበር፤ ምናልባት እጁ አልታዘዝ ብሎት ይሆናል። ቀበቶው በአየር ላይ ዞሮ ሲወርድ ዘለበቱ የእናቱን አፍ አገኘው። እማማ ማሬ በአፋቸው የሞላውን ደም ከሁለት ጥርስ ጋር መዳፋቸው ላይ ተፉት። አዩት። ከዚያ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው፣ ገብስ እንደሚወቃ ሰው ከላይ ወደ ታች አወረዱበት። የእጁ አንጓ ሲሰበር ቀጭን ድምፅ አሰማ። ቀበቶው ወደቀ። ደገሙት፤ ጭንቅላቱ ተፈነከተ።

ፈንታሁን አገሣ። በደህናው እጁ የእናቱን ነጠላ ከአንገታቸው ላይ ጠቅልሎ ያዘና ወረወራቸው። እማማ ማሬ የበረንዳውን መስታወት ሰብረው ወጡ፤ ጀርባቸው ከብረት መከለያው ጋር ተላትሞ ባይቆም ኖሮ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ነበሩ። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። ልጃቸው የመስታወት ስብርባሪ እየረገጠ ሲመጣባቸው አዩ፤ ዓይኑ ግን ማንንም አያይም።

ያኔ ሶስና ተነሣች። ከአልጋው አጠገብ የነበረውን የእንጨት ወንበር ከኋላው መጥታ ጀርባው ላይ ከሰከሰችው። ሲንበረከክ ደገመችው። በሦስተኛው የወንበሩ እግር እጇ ላይ ቀረ። በተቀረው እግር ልትመታው ስታነሣ የሆቴሉ ዘበኛ መልካሙ ደርሶ ያዛት። መልካሙ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሶስናን ገለል አድርጎ ፈንታሁንን በደረቱ አስተኛውና ጉልበቱን ጀርባው ላይ አሳረፈ። "ይበቃል እህቴ" አላት። "ከገደልሽው አንቺ ነሽ የምትታሰሪው።"

ፖሊስ መጥቶ ፈንታሁንን ወሰደው። ሐኪም ቤት ውስጥ የእማማ ማሬ ከንፈርና ትከሻ ሲሰፋ፣ አንድ ፖሊስ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ጠየቃቸው። "ማን ነው የመታዎት እናቴ?"

"ወድቀው ነው" አለች ሶስና ከጎን። ለስንተኛ ጊዜ ለስንት ሐኪም እንደተናገረችው እሷ ታውቃለች፤ ቃሉ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

እማማ ማሬ ቀና አሉ። ከንፈራቸው አብጦ ቃሉ ቢሸራረፍም አሉት። "ልጄ ነው። ፈንታሁን ጥላዬ ነው። ሚስቱንም እሱ ነው የፈነከታት። ጻፍ።"

ወደ ሆቴሉ ሲመለሱ ከተማው ውስጥ ጅራፍ ይጮሃል፤ የሠፈር ልጆች ለበዓሉ በየጎዳናው ያስጮሁታል። በተሰማ ቁጥር ሶስና ትከሻዋን ትሰብቅ ነበር። መልካሙና እንግዳ ተቀባይዋ ሁለቱን ጠባብ አልጋዎች አጋጥመው አዘጋጁላቸው፤ ፍራሽም ጨመሩ። ቃልኪዳን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ሶስና ግን ተቀምጣ ቀረች።

"ዓይኔን አይተውት ነበር" አለች። "እዚሁ በር ላይ፣ ሲመርጡ። አይተውኝ ነበር እኮ እማማ።"

"አየሁት።"

"ታዲያ?"

"እኔንም ሰው እያየ ነው ያለፈኝ" አሉ እማማ ማሬ። "ሰበብ ግን አይሆንም።" ሶስና ይቅር አላለቻቸውም፤ አልጮኸችባቸውምም። ብርድ ልብሱን ስባ እግራቸውን አለበሰቻቸው።

በዓሉ እንዳለፈ የነፍስ አባታቸው መምሬ ቀለመወርቅ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገሳይ ድረስ መጡ። "ማሬ" አሉ ተቀምጠው፤ "ልጅ እኮ ነው። እናት ልጇን ከሳ ምን ታተርፋለች? ገመና ይሸፈናል እንጂ ለዳኛ አይሰጥም።"

"መምሬ፣ ጥላዬ ትከሻዬን ሲሰብረው ማን ነበር ያስታረቀን?"

"እኔ ነኛ።"

"ከዚያ በኋላስ?"

"እኔው ነኝ።"

"ያስታረቁኝ ዕለት ማታ ምን እንደደረሰብኝ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?"

መምሬ ቀለመወርቅ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ያ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ያይ ነበር" አሉ እማማ ማሬ። "አባቱ ሲመታኝ ያያል። እናንተ ጠላ ጠጥታችሁ፣ መርቃችሁ ስትሄዱም ያያል። መጀመሪያ ነከሰ፤ ማንም አላገዘውም። ኋላ የሚያዋጣውን ተማረ። ከጥላዬ ብቻ አይደለም የተማረው፤ ከእኔም ከእርስዎም ነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊቆጣ ሲል መምሬ ቀለመወርቅ በእጃቸው ከለከሉት። ሳይመርቁም ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርቅ አላነሱባቸውም።

እማማ ማሬ ዳኛ ፊት ቆመው መሰከሩ። ፈንታሁን ተፈረደበት። ሶስና ፍቺዋን ጠይቃ ቃልኪዳንን ይዛ ባሕር ዳር ሌላ ቤት ተከራየች። አንዳንዴ ስልክ ትደውላለች፤ ልጅቷን ታገናኛቸዋለች፤ እሷ ግን ብዙ አታወራም።

እማማ ማሬ ማረሚያ ቤት መጀመሪያ ሲሄዱ ፈንታሁን ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ምግቡን እዚያው አስቀምጠው ተመለሱ። በሌላ ቀን ሲሄዱ መጥቶ ተቀመጠ። ከስቷል። የተሰበረው አንጓው ጠሞ ገጥሟል። አፋቸውን፣ ባዶ የቀረውን ድዳቸውን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ።

"እማዬ፣ ሶስናን አናግሪያት" አለ። "አንቺን ትሰማለች። ቤቷ ትመለስ በያት።"

"አልላትም።"

"እናቴ አይደለሽም?"

"እናትህ ስለሆንኩ ነው የመጣሁት። እሷን ግን ተመለሺ አልላትም። ዛሬም፣ ከወጣህም በኋላ።"

ጥርሱን ሲያፋጭ የመንጋጋው አጥንት ተንቀሳቀሰ። እማማ ማሬ ሰውነታቸው ሳያዙት ወደኋላ ሸሸት አለ፤ ፈንታሁንም አየው። እናቱ ሲፈሩት አየ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን ቀስ ብሎ አነሣና ጭኑ ሥር ደበቀው።

እማማ ማሬ የምግቡን ክዳን ከፍተው ወደ እሱ ገፉለት። "ብላ" አሉት። "ሳይበርድ ብላ።"

ጎንበስ ብሎ መብላት ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ ሰሃናቸውን ይዘው ወጡና ወደ ገሳይ የሚሄድ መኪና ሊፈልጉ ወደ መናኸሪያው አቀኑ።