አንደኛ ነው የተባለው ቤት

እኔና አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ማለቴ ነው፣ አንጣጣምም። ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ሻይ ሳቀርብላቸው ስኳሩ በዛ ይላሉ፤ ስቀንስ ደግሞ «ስኳር ተወደደ እንዴ?» ይሉኛል። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ አንድ ሲሉኝ ሁለት እመልሳለሁ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ጭቅጭቅ ሲሰማ ውሎ ማታ የእኛን ይረከባል፣ ምስኪን።

እንግዲህ ታላቅ ወንድሙ ደውሎ «ቅዳሜ መጥቼ እማዬን እወስዳታለሁ» ሲል እልል ማለት ነበረብኝ አይደል? አላልኩም። እማማ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው አያውቁም። ሊፍት የለንም። ለሊፍት የተተወው ቦታ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብስክሌት ተቆልፎበታል። እሳቸው መስኮት ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ። ወንድሙ ግቢ ያለው ቤት አለው፣ ግን ሀገር አቋርጦ ነው። «እናቴን ፎቅ ላይ አስራችኋታል» አለ። እውነቱን ነው። ባለቤቴ ተለማምጦ ተለማምጦ፣ «እንደ ልቧ የምትወጣበት የምትገባበት ቤት እስከ ቅዳሜ ካገኛችሁ ትቅር» አስባለው። እኔ እንዲሄዱብኝ አልፈልግም። ይኸው፣ ተናገርኩት።

የምንኖረው በመንግሥት ኪራይ ቤት ነው። መሸጥ አይቻልም፣ ለሌላ ማከራየትም አይቻልም። ሁለት ተከራዮች ከተስማሙ ግን የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ያቀያይራቸዋል። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቅያሪ ፈላጊ ሁሉ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት ሰሌዳ አለ። እዚያ ላይ ዳር ያለው ሁሉ መሃል መግባት ይፈልጋል፤ ከመሃል ወደ ዳር ልውጣ የሚል ያበደ ብቻ ነው። ያበድኩት እንግዲህ እኔ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሥራ ቦታዬ ከቤቴ በእግር ነው። ዳር ከወጣሁ ጠዋት ጠዋት በዚያ በታጨቀ ባቡር ውስጥ እንደ ኮሌታ መተጣጠፌ ነው። ይሁን ብዬ ማስታወቂያዬን ለጠፍኩ። ዳር ዳሩን ያሉት ሕንጻዎች አጫጭር ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። አንድ ፎቅ ብቻ ከሆነ እማማ እኔን ተደግፈው ይወጣሉ፤ ሐኪማቸውም ፈቅዶላቸዋል።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ባቡር ውስጥ ሆኖ ነው የደወለው፣ ድምፁ እየመጣ ይሄዳል።

«እህቴ፣ ማስታወቂያዎን አይቼ ነው! ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ እናንተ ሰፈር፣ ቤቴ ባቡሩ መጨረሻ። ቆሜ እሄዳለሁ፣ ቆሜ እውላለሁ፣ ቆሜ እመለሳለሁ። እግሬ አለቀ!»

«የኛ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም» አልኩት። እኔ ሰው አላታልልም።

«ደረጃ ምን ይለኛል፣ የለመድኩት ነው!»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም።

«የእርስዎስ ስንተኛ ነው?»

«እ?»

«ቤቱ! ስንተኛ ነው?»

«አንደኛ ነው! ኧረ አንደኛ!» ብሎ ጮኸ፤ ስልኩም ተቋረጠ።

እኔም ጮህኩ፣ በደስታ። ዓርብ ከሰዓት ልናየው በአጭር መልእክት ተቀጣጠርን። እማማ ሲሰሙ «ያላየሁት ቤት አልገባም፣ እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ማን ይከለክላቸዋል? ባለቤቴና ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ በወጥ ቤት ወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። «በግራ! በግራ አልኩ እኮ! ይሄን አውቶቡስም እንዲህ ነው የምትነዳው?» እያሉ ደረጃውን ሁሉ ልጃቸውን ሲያሾፍሩት ወረዱ። ባለቤቴ ላቡን ጠርጎ ወደ ሥራው ሮጠ፤ እኛ ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ውስጥ ግን ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ዛፉንም፣ የተሰጣውን ልብስም፣ መንገድ የሚሻገረውንም ሰው አንድ በአንድ ያያሉ። አንጀቴን በሉት።

ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ጠበቀን። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ አምሮበታል። «እንኳን ደህና መጡ፣ በዚህ በኩል» አለና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። እማማን ትንሽ ይረፉ ብዬ ታች አስቀምጫቸው ተከተልኩት። የመጀመሪያውን ፎቅ ዝም ብሎ አለፈው።

«ቆይ ቆይ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤት ነዋ። አራተኛ ላይ ነው።»

«አንደኛ ብለውኝ የለም እንዴ?»

«አንደኛ ነዋ! ብርሃኑ ቢሉ፣ ነፋሱ ቢሉ፣ ወጥ ቤቱ ቢሉ! ሲያዩት ራስዎ ይፈርዳሉ።»

ደሜ ፈላ። ለካ እኔ ስንተኛ ነው ስል፣ ሰውዬው እንዴት ነው ያልኩት መስሎታል! ያኔውኑ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህን ማን ቆረጠብህ? እኒህን እናት ይዤ አራት ፎቅ ልወጣ ነው?» እማማ ታች በሩ አጠገብ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። እንባዬ መጣ። እሳቸው ፊት ማልቀስ ደግሞ አልፈልግም፤ ስለዚህ «በል አሳየኝ!» ብዬ ሽቅብ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ አንደኛ ነበር። ከሁለት በኩል ብርሃን ይገባል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። ይባስ ተናደድኩ። ከዚያ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ደንግጦ በደንበኛ አንገት ላይ የሚያስራትን ነጭ ፎጣ አቀበለኝ።

«ነገ ሊወስዱብኝ ነው» አልኩት። ማን፣ ማንን፣ አላብራራሁለትም።

ፊቴን ጠርጌ ስወርድ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። እማማ የሉም! ክው አልኩ። ወደ መንገዱ ልሮጥ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ምድር ቤት ካለው ክፍት መስኮት ነው የሚመጣው። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። እማማ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ተንሰራፍተው ተቀምጠዋል፣ እግራቸው በርጩማ ላይ፣ ውሃ በእጃቸው። ፊት ለፊታቸው ፒጃማ የለበሰች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ያበጠ ሴት ቆማለች።

«ነርስ ናት» አሉኝ፣ የገዛ እህታቸውን የሚያስተዋውቁ ይመስል። «የሌሊት ተረኛ። ውሃ ፈልጌ ባንኳኳ ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።»

«ሁሉም ይቀሰቅሰኛል» አለች ነርሷ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። «ልጆቹ ኳሳችን ገባብሽ ይላሉ፣ እንግዳው እከሌ የት ነው የሚኖረው ይላል፣ ደብዳቤ አዳዩ የሰዉን ሁሉ ዕቃ ለእኔ ያስረክባል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ተኝቼ አላውቅም።»

«እኔም ‹አራተኛ ፎቅ ብትሆኚ ማን ያንኳኳብሽ ነበር?› አልኳት» አሉ እማማ፣ ውሃቸውን ፉት እያሉ።

ከኋላዬ የቆመው ጸጉር አስተካካይ ነርሷን በነጠላ ጫማዋ ይዟት ሽቅብ በረረ። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ በርቷል። «ምንም አይሰማም! ምንም!» አለች። እሱ መሃል ከተማ ይገባል፣ እሷ ወደ እሱ ቤት ትወጣለች፣ እኛ ወደ እሷ ቤት እንገባለን። ጸጉር አስተካካዩ እዚያው ሆኖ ለጽሕፈት ቤቱ ደወለ። ሦስታችሁም ከፈረማችሁ ይቻላል አሉት። ግንባሩን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«በሉ ለትልቁ ልጅዎ ልደውልለት፣ ነገ እንዳይለፋ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

«ተይው፣ ደውዬለታለሁ» አሉ እማማ። «በእሷ ስልክ።»

«መቼ?»

«አንቺ ላይ ሆነሽ ሰውዬውን ስትሰድቢ።»

«ያኔ እኮ ቤቱ አልተገኘም ነበር! እሷም እሺ አላለችም!»

«እሺ ባትልስ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «ከሦስተኛ ፎቅ መንገዱ አይታይ ይመስል።»

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ምን እንዳሉት ልንገርሽ?»

«አንቺ፣ ዝም በይ!» አሉ እማማ።

«‹አልመጣም፣ እዚህ የምጣላት ሰው አለችኝ› አሉት። ‹አንተ ቤት ሁሉም እሺ እማማ፣ እሺ እማማ ነው። ቀኑን በምን ልግፋው?›»

እንባዬን ደብቄ የጨረስኩት መስሎኝ ነበር፤ እዚያው ሰው ቤት፣ ሰው ፊት፣ ዘረገፍኩት። እማማ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ተነሡ።

«በይ በቃሽ፣ ባቡሩ ያመልጠናል» አሉና ክንዴን ያዙ። እኔ በሱቆቹ በኩል ይቀርባል አልኩ፣ እሳቸው በትምህርት ቤቱ በኩል አሉ፤ እስከ ጣቢያው ድረስ ተጨቃጨቅን። ክንዴን ግን አልለቀቁትም።