አሮጌው ውሃ

ዋርሳዬ እናቱን ሊወስድ የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ቅየሳ ስለሆነ ሰው ቤት ሲገባ እንኳ ዓይኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይለካል። ያን ዕለትም በአንድ እጁ ሜትሩን፣ በሌላው የተጠቀለለ ወፍራም ላስቲክ ይዞ ነበር። ሰላም ካለን በኋላ መጀመሪያ የለካው እናቱን ነው። ከራስ እስከ እግር አያቸውና «ከስተሻል» አላቸው።

«አንተ ደግሞ ወፍረሃል» አሉት እማማ። «ሚስትህ ምን እያበላችህ ነው?»

«እዚያ ስትደርሺ ታዪዋለሽ።»

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። እሱ በሕይወት ሳለ ሦስታችን አብረን ነበር የምንኖረው፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችን ቀረን። ዋርሳዬ እናቱን ወደ ቤቱ ለመውሰድ መጠየቅ ከጀመረ ወራት ሆኖት ነበር፤ እሳቸውም ያን ያህል ጊዜ ምክንያት ሲደረድሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ አልጋ አሉ፤ ለጀርባ የሚመች አልጋ ገዛ። ቀጥሎ የዓይን ሐኪሜ ያለው እዚህ ነው አሉ፤ እሱ ሰፈር ሌላ ሐኪም ፈልጎ ቀጠሮ አስያዘ። በመጨረሻ «ዓሦቹንስ ለማን ጥዬ?» አሉ። ኩሽና ሆኜ እየሰማሁ፣ ይሄ እንኳ መላ አይገኝለትም ብዬ ነበር። ሰውየው ቀያሽ መሆኑን ረስቼ ነው። ሳሎኑን ለክቶ፣ ለአኳሪየሙ፣ ለዓሦቹ የመስታወት ገንዳ፣ ልክ የሆነ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ ከጓደኛው ፒካፕ ከነሾፌሩ ለምኖ መጣ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። በክፋት አይደለም፤ ዋርሳዬ ደግ ሰው ነው። በደወለ ቁጥር «አንቺም ትንሽ ዕረፊ» ይለኛል። «ገና ነሽ። ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ስትሠሪ ውለሽ፣ ማታ ደግሞ የእኛን እናት መጦር ግዴታሽ አይደለም።» ልጅ እናቴን ልውሰድ ሲል ምራት በምን ሥልጣኗ አይሆንም ትላለች? እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ያገናኘን ሰው ከሄደ በኋላ እኔና እማማ አንዳችን ለሌላችን ምን እንደሆንን የሚነግረን አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው «አልሄድም» ቢሉልኝ ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። እሳቸው ግን ዐርብ ከሰዓት ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ከተቱ።

አኳሪየሙ ሳሎን ውስጥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነው ያለው። ባለቤቴ ነው ያቆመው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን የሚቀይረውም እሱ ነበር። ድሮ ቱቦውን በአፉ ስቦ ነው የሚያስጀምረው። አንዳንዴ ውሃው ቀድሞት ጉንጩን ሞልቶ ይውጠዋል፤ እማማ ይሄኔ «ቁርሱ አልበቃህም እንዴ?» ይሉታል። ትንፋሹ ማጠር ሲጀምር ፓምፕ ገዛ። ከቡጢ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው። ውሃው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሶኬቱ ሲሰካ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ንብ ያጉረመርማል፣ ውሃውም በቱቦው ይወጣል። ከዚያ ወዲያ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቱቦውን ብቻ ይይዝ ነበር። በኋላ እሱንም እኔ ያዝኩት።

ዓሦቹ ሰባት ናቸው። እማማ በደንብ ባያዩዋቸውም ለሁሉም ስም አውጥተውላቸዋል። ትልቁ ወርቃማ «ዳኛው» ይባላል፤ ቀኑን ሙሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ውሳኔ ግን አይሰጥም።

«በይ፣ ፓምፑን አምጪልኝ» አለ ዋርሳዬ ጃኬቱን አውልቆ። «ውሃውን እናወጣለን፣ ዓሦቹ በባልዲ፣ መስታወቱ ባዶውን። ሾፌሩን ጠርቼ ሁለታችን እንሸከመዋለን።»

ፓምፑን ከነቱቦው ሰጠሁት። ለመንገዱ የሚሆነውን ሁሉ ከዋዜማው አሰናድቼ ነበር፤ ክዳን ያላቸው ሁለት በርሜሎች ታጥበው በረንዳ ላይ ቆመዋል። አኳሪየም ሲዛወር ዓሣ የሚሄደው ከነውሃው ነው። የኖረበትን ውሃ ይለምዳል፤ ከቧንቧ በቀጥታ የመጣ ውሃ ውስጥ በአንዴ ቢከቱት ክሎሪኑም ለውጡም ይገድለዋል። በየሳምንቱ ስንቀይር እንኳ የምናወጣው ሩቡን ብቻ ነው። ሌላው ይቀራል፣ አዲሱ እዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ባለቤቴ በእጁ የቀዳው ውሃ አሁንም ነበረ። ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ አንድ ቀን ወረቀት ላይ ሞክሬ ነበር። በየሳምንቱ ያንሳል፤ ሒሳቡ ግን ዜሮ ላይ አይደርስም። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት።

ዋርሳዬ ፓምፑን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠና ሶኬቱን ሰካ። ማጉረምረሙ ተሰማ። እማማ እንደ ወትሯቸው ወንበራቸውን አስጠግተው መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ነበር። እኔ የበረንዳውን በር ከፍቼ ስጠብቀው፣ እሱ የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ደፍኖ በአጠገቤ አለፈና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባ።

«በርሜሎቹ…» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ከውስጥ። አንገቱን ብቅ አድርጎ ጠበቀኝ።

ሻንጣው በሩ ሥር ቆሟል። እማማ የመንገድ ጫማቸውን አድርገዋል።

«ምንም» አልኩት። «ቱቦው እንዳይታጠፍብህ።»

«አይታጠፍም፣ ይዤዋለሁ።»

ውሃው ወደ ፍሳሹ መውረድ ጀመረ። በርሜል ውስጥ የሚገባ ውሃ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ወፍራም ነው፣ እየሞላ ሲሄድ ይቀጥናል። ይሄ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ የሚሞላው ነገር የለውም። እማማ ፊታቸውን ወደ መታጠቢያ ቤቱ አዞሩ። ቅዳሜን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰሙ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ደግሞ ከዓይናቸው የቀረውን ሁሉ ወርሷል። አሁን ይናገራሉ ብዬ እጄን በሩ እጀታ ላይ አጥብቄ ቆምኩ።

«አንተ ልጅ» ብለው ተጣሩ።

«አቤት እማዬ።»

«ምን ያንቀራፍፍሃል? ፓምፑ ጉልበት የለውም እንዴ?»

«የመጨረሻው ኃይል ላይ ነው፣ እየሠራ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን። እንዳይመሽብን ብዬ ነው።»

ገና ረፋድ ነበር።

መስታወቱ ላይ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ የሚደርስበት ቦታ ነጭ መስመር አበጅቷል። ውሃው ከመስመሩ ወረደ፣ ከእንጨቱ ጉቶ ወረደ፣ ረጃጅሞቹ ቅጠሎች የሚደገፉበት አጥተው ተኙ። ዓሦቹ ተሰብስበው ወደታች ወረዱ። ውሃው ሲሄድ ቆሜ አየሁት። የቱ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ ሁሉም አንድ መልክ ነበረው።

አንድ ስንዝር ያህል ሲቀር ዋርሳዬ መጥቶ ሶኬቱን ነቀለና እጁን በሱሪው ጠረገ። «አለቀ። አሁን ባልዲ ስጪኝና እነዚህን ልልቀማቸው። እዚያ ስንደርስ ከቧንቧው እንሞላዋለን።»

«ከምን?» አሉ እማማ።

«ከቧንቧ።»

«የቧንቧ ውሃ ውስጥ ልትከታቸው?»

«እና እማዬ፣ የማዕድን ውሃ ልግዛላቸው?»

«ወንድምህ ይሄን ቢሰማ ከቤት ያስወጣህ ነበር። የራሳቸው ውሃ የታለ?»

ዋርሳዬ መታጠቢያ ቤቱን አየ፣ መልሶ መስታወቱን አየ። «ደፋሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ደፋው!» አሉ እማማ ለእኔ፣ እኔ እንዳልነበርኩ ሁሉ። ከዚያም ረጋ ብለው አስረዱት። አሁን ማንቀሳቀስ የለም። አዲሱ ውሃ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን ያድራል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል፤ መስታወቱ እዚሁ ተሞልቶ ዓሦቹ እስኪለምዱት ይጠበቃል። የባለቤቴን ቃላት አንድም ሳይጥሉ ነው የተናገሩት፤ «ጥቂት ጥቂት» ሲሉ ጣታቸውን እንኳ እንደሱ ነበር የሚያነሱት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሳምንት።»

ዋርሳዬ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«ሁለት ሳምንት ቢሆን ይሻላል» አልኩት።

«እና ሳልደፋው በፊት አይነገረኝም?»

«እኔ ዓይነ ስውር ምስኪን» አሉ እማማ፣ «የት እንደምታፈሰው በምን አውቄ?»

«አንቺስ?» አለኝ። «አንቺ እዚህ በር ላይ ነበርሽ።»

«ልናገር ነበር።»

«እና?»

«አልተናገርኩም።»

ሜትሩን ትንሽ ስቦ አወጣና ለቀቀው፤ ተስፈንጥሮ ገባ። በዚያች ደቂቃ ከወንድሙ ጋር እንደሚመሳሰሉ ልብ አልኩ፤ ነገር ሲገባው ቅንድቡን እንደሱ አንዱን ብቻ ነው ዝቅ የሚያደርገው። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

«ቢሆንም» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺ ዛሬ መምጣት ትችያለሽ እማዬ። ዓሦቹ በኋላ ይመጣሉ።»

«እነሱ በስንዝር ውሃ ሲንፈራገጡ እኔ አዲስ አልጋ ላይ ልንደላቀቅ? ዳኛው ምን ይለኛል?»

«ዳኛው ደግሞ ማነው?»

«ወፍራሙ።»

«ፒካፑን እኮ በልመና ነው ያገኘሁት።»

«ላስቲክህን ጫንበትና ሂድ።»

ሳቀ። የእናቱን ግንባር ሳመ፣ ሻንጣውን ከበሩ ሥር አንስቶ ወደ መኝታ ቤታቸው መልሶ አስገባና ወጣ። በሩ ላይ «ፓምፑን ጠጠር እንዳይውጥ ተመልከቺው» አለኝ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ እንደነበር ታውቆኛል።

ባልዲዎቹን ሞልቼ ሳሎን ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። እማማ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እያሹ ነበር።

«ሁለት ሳምንቱን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«እርስዎ አንዱን ካመጡበት።»

«የውሃውን ድምፅ ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ። እርስዎም ሰምተዋል።»

«እሱን ተይው።»

አንድ ባልዲ ላይ የወደቀ ላባ ነገር አነሳሁ። ሌላ የማነሳው ባይኖርም እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። «ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅስ?» አልኩ ከዚያው ሆኜ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እንዲቆዩ ነው የምፈልገው።»

«ይቺን ለማለት ይሄን ሁሉ ውሃ ማስደፋት ነበረብሽ?»

«እርስዎስ ለምን አልሄድም አላሉትም?»

«ምን ብዬ? ሸክም ሆና ተለጠፈችባት ይበሉኝ? ዐርብ ልብሴን ሳጣጥፍ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር። ይተዉት ትለኛለች ብዬ እያንዳንዱን ቀሚስ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያጠፍኩት። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ካልሲ ጨመርሽልኝ።»

«እንዳይበርድዎት ብዬ ነው።»

«እሺ፣ አልበረደኝም» አሉ። «ለሱ ነገ እኔው ደውዬ እነግረዋለሁ። እዚሁ ነኝ እለዋለሁ። ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል። የገዛው አልጋ ላይ ሚስቱ ትተኛበት፤ ጀርባዋን ያማታል።»

ዓሦቹ ጠጠሩ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሳሎኑ ጸጥ ብሎ ነበር፤ የውሃው ክብደት የቤቱን ድምፅ ይይዘው ኖሮ፣ አሁን የምናገረው ሁሉ ግድግዳ ነክቶ የሚመለስ መሰለኝ።

«ፓምፑን አሁን ማስነሳት አይቻልም?» አሉ እማማ።

«የሚወጣ ውሃ የለም እኮ።»

«ባልዲው ውስጥ አድርጊው።»

ያስኬዳል። ውሃ ሲዞር አየር ያገኛል፣ ክሎሪኑም ቶሎ ይለቀዋል። ፓምፑን ባልዲው ውስጥ አስገብቼ የቱቦውን ሌላ ጫፍ መልሼ እዚያው ባልዲ ላይ አሰርኩትና ሶኬቱን ሰካሁ። ማጉረምረሙ ተነሳ። ውሃው ከባልዲው ይወጣል፣ በቱቦው ይዞራል፣ ተመልሶ እዚያው ይገባል። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ ነገር ሲነሳ» አሉ፣ «እሱ የተነሳ ይመስለኛል። አሁን ኩሽና ገብቶ ፎጣ ፈልጎ ሲያጣ የሚጣራ።»

እኔ ፎጣውን እስከ ዛሬም ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት አውጥቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ። የሚጣራ እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ግን ለእማማ አልነገርኳቸውም። ጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ውሃው ሲዞር ጥቂት አዳመጥን።

«ይበቃዋል?» አልኳቸው።

«ትንሽ ይቆይ» አሉ።