ግልባጩ ይረዝማል

“ሰብለ፣ እጅሽን አንሺ” አላት ታፈረ።

ሰብለ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች። የአባቷ የየኔታ ተክለ ማርያም ሰልስት ነው። ዳሱ በለቀስተኛ እንደ ጉድ ሞልቷል፤ እሷ ግን ጥግ ይዛ ከደቀ መዝሙራቸው ከታፈረ ጋር ኮምፒውተር ላይ አፍጥጣለች። “ሐዘን ላይ ፊልም ያያሉ እንዴ?” ብለው አንዲት ባልቴት ሲያንሾካሹኩ ሰምታለች። ይበሉ። ታፈረ ከምሳ በኋላ ወደ ወገዳ ይመለሳል፤ ስልኩ ላይ ደግሞ የኔታ በመጨረሻው ሳምንት ያዜሙት ድጓ አለ። ስልኩ አርጅቷል፤ በየሰዓቱ እየጠፋ ይበራል። ድጓውን ወደ ላፕቶፑ ሊገለብጡ ቢሉ “ቦታ የለም” አለ።

ቦታውን የሞሉት ራሳቸው የኔታ ናቸው። ሰብለ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከንፋስ መውጫ ወደ ቤተ ልሔም እየመጣች ድምፃቸውን ስትቀዳ፣ “ብቻውን ያለ መጽሐፍ እሳት ይበላዋል፤ ግልባጭ አድርጊለት” ይሏት ነበር። አንዱን ሁለት ታደርጋለች። በሳምንቱ ይረሱና ደግመው ያዝዟታል፤ ሦስት ይሆናል። የኔታን እምቢ ማን ይላል?

ከጠዋት ጀምሮ መንታ መንታውን ሲለቅሙ ቆይተዋል። መጠኑን ያያሉ፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያዳምጣሉ፤ ትርፉን “ዕቃ ቤት” ወዳሉት ፎልደር ያዛውራሉ። ሁለቱም እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ ያጠፉታል። ቦታው በተከፈተ ቁጥር የሰብለ ልብ ይዘላል፤ ደስ ይላታል፤ በደስታዋም ታፍራለች። አሁን የቀራቸው አንድ ጥንድ ነው።

“ስሙ አንድ ነው እኮ፣ ላጥፋው” አለች።

“ወገዳም ሰብለ የምትባል ልጅ አለች፤ አንቺ ነሽ ማለት ነው? መጠኑን እይው፤ ይሄኛው ይበልጣል። እንደ መጽሐፍ እናመሳክረው።”

የኔታ ዘንድ አዲስ ድጓ ሲጻፍ አንዱ ዋናውን ያነባል፣ ሌላው ግልባጩን በጣቱ ይከተላል። ታፈረ ዓይኑ እስኪጠፋ የሠራው ሥራ ነው። አጭሩን ከፈቱ፤ ዜማው አልቆ ተቋረጠ። ረጅሙን ከፈቱ። ያው ዜማ፣ ያው ማብቂያ። ግን አልተቋረጠም። ሰብለ ያን ዕለት መቅጃውን ሳታቆም ቀርታ ኖሯል፤ አጭሩን ዜማው ባለቀበት ስትቆርጠው የቀረውን አላዳመጠችም።

ትናንት እናቷ ወይዘሮ ታንጉት “ዜማውስ የቤተ ክርስቲያን ነው። እንዲያው እቤት ሲያወሩ የሚሰማ የለሽም?” ብለው ጠይቀዋት፣ “የለም እማዬ” ብላ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ላፕቶፑ ሳል አሰማ። ቀጥሎም ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

“ታንጉት፣ በረደኝ። ጋቢዬን የት አደረግሽው?”

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ።

“መጣሁ” አሉ ወይዘሮ ታንጉት። ብድግ ብለው፣ ለአርባው ለነዳያን ሊሰጥ ከታጠፈው ልብስ መካከል ጋቢውን መዘዙ። ያኔ ነው ቆም ያሉት። ሰብለ እያለቀሰች ሳቀች፤ ታፈረ ፊቱን አዞረ።

አጭሩን አጠፉት፤ የታፈረም ድጓ ገባ።

ወይዘሮ ታንጉት ጋቢውን እንዳቀፉ ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ለዚያኛው ግልባጭ አድርጊለት” አሉ። ጋቢውን ወደ ክምሩ አልመለሱትም።