አብ ወይስ አን

ሟቹን ስታስታምም የነበረችው ነርስ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የሻይ ብርጭቆዋን ወንበሯ ሥር አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በመጨረሻ 'አብ' ብለው ነው ያረፉት» አለች።

አክስት ይህን ስትሰማ መሐረቧን ከዓይኗ ላይ አነሳች። ወንድሟ ጸሎት ሲባል ድንገት ጉዳይ ትዝ የሚለው ሰው ስለነበር፣ ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ያስጨነቃት ሞቱ ብቻ አልነበረም። አሁን አጠገቧ ላሉት ሴቶች ዞር ብላ «ሰማችሁ?» አለች፤ ወሬው ከወንበር ወንበር እየተቀባበለ በሩ ድረስ ደረሰ።

የሟቹ ሴት ልጅ ግን ፔርሙዙን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ነርሷን የምታመሰግናት አስመስላ ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻትና ከአብ ቀጥሎ ምን እንዳለ ጠየቀቻት።

«'ለልጄ ንገሪያት' አሉኝ። ከዚያ 'አብ... ሌኑንግ' የመሰለ ነገር አሉ። ወወልድ ሊሉ ፈልገው ምላሳቸው ተሳስሮባቸው ይሆናል ብዬ ነው።»

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «አምባሳደሩ» በሚል ስም ነበር። የኤምባሲ ደጅ ረግጦ አያውቅም። ዕድሜውን የጨረሰው መስኮቱ በማይከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ የጀርመን የታሪክ መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ነው። የአውሮፓ ኃያላን መንግሥታት እንዴት እንደተሻረኩ፣ እንዴት እንደተካካዱ ከራሱ ቤተሰብ ጉዳይ አብልጦ ያውቃል። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ሲጣሉ ሽምግልና ተጠርቶ ስለ ኃይል ሚዛን እስኪሰለቹት አስረድቷቸዋል። ታርቀው የወጡት ንግግሩ እንዲያልቅላቸው ብለው ነው ይባላል።

ልጁም ያደገችው በዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ እሱ ጮክ ብሎ ይተረጉማል፣ እሷ በኮምፒውተር ትጽፋለች። የተጣሉት በአንዲት ቃል ነው። አንሌኑንግ። አንድ ትንሽ መንግሥት ትልቁን ተጠግቶ፣ እሱን ተማምኖ ሲኖር ጀርመኖቹ እንዲህ ይሉታል። እሷ «ጥገኝነት» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል መለሰችው፤ እሱ ሰረዘው፤ እሷ መልሳ ጻፈችው። በመጨረሻ ከወንበሯ አስነስቶ ግድግዳውን አስደገፋት።

«እግርሽ የት ነው?»

«መሬት ላይ።»

«አየሽ፤ ተደግፈሻል እንጂ ጥገኛ አይደለሽም።»

እንደ ሕፃን የተቆጠረች መሰላት። «እንግዲያው ግድግዳህን ተደግፈህ መጽሐፉን ጨርሰው» ብላው ወጣች፤ ባንክ ገብታ የብድር ውል መተርጎም ጀመረች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ እንደ ሁለት የተኳረፉ መንግሥታት በበዓል በበዓል የሰላምታ ቃል ብቻ ይለዋወጡ ነበር። እሱ ታሞ ሲተኛ ኩርፊያውን ውጣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አባዬ፣ መጽሐፉን አብረን እንጨርሰው?» አለችው። ዓይኑን ጨፈነ። መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ አንሶላው ፊቱ ላይ ነበር።

እና አሁን ይህች ሴት መልሱን ይዛላት መጥታለች፤ ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ ጠፍታለች። አንሌኑንግ ካለ መደገፍ ነው። አብሌኑንግ ካለ ደግሞ በጀርመንኛ እምቢታ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ 'አብ' ነው ያለው?»

«የአየር ጭንብሉ አፋቸው ላይ ነበር እኮ። 'አን'ም ሊሆን ይችላል። ምነው፣ ለውጥ አለው?»

ለውጡን ከየት ጀምራ ትንገራት? ያኔ ምን እያደረገ እንደነበር ብቻ ጠየቀቻት። ነርሷ ትራሱን ለማስተካከል ቀና አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስደግፋው እንደነበር ነገረቻት። ነገሩ ይባስ ተወሳሰበ። ምናልባት አንቺን አልፈልግም ማለቱ ነው። ምናልባት ነይና ተደገፊኝ ማለቱ ነው። ምናልባት ትራሱን እምቢ ማለቱ ነው። ወይም እሷን ጭራሽ ረስቶ፣ እየሞተም ያቺን ቃል እያረመ ነበር። ወይስ አክስቷ እንዳለችው እውነትም ጸለየ? ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባትና ሁለቱንም ዋጠቻቸው። አባቷ ናፈቃት፤ ናፍቆቱን ያህልም ተናደደችበት። ሲሞት እንኳ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው!

ወደ ሳሎኑ ስትመለስ አክስት አሁን ለገቡት እንግዶች ስለ «አብ» እያወራች ነበር። «አይደል እንዴ ልጄ?» አለቻት። የአክስት ፊት ከጠዋቱ ይልቅ ፈካ ብሏል።

«አዎ፣ አክስቴ» አለች፤ አጠገቧ ተቀመጠች።

የአባቷን ትርጉሞች የሚያሳትመው ሰው ጥግ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ቆይቶ፣ ሊሄድ ሲል ወደ እነሱ መጣ። ጊዜው እንዳልሆነ እያወቀ እንደሚጠይቅ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቢሆንም የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቷል፣ ማተሚያ ቤቱም አላስቀምጥ ብሎታል። እሷ ካልያዘችው ለሌላ ሰው መስጠቱ ነው። መስጠት እንዳለበት ልትነግረው አፏን ከፈተች። አብ፣ አን፣ አብ፣ አን የሚለው ጭንቅላቷ ውስጥ ይመላለስ ጀመር።

«ሰውየው ቆመዋል እኮ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለች አክስት። ቀጥሎም ጀርባዋን በእጇ ዳበስ አድርጋ፣ «እንዲህ ቀጥ ብለሽ ወገብሽ ሊቆረጥ ነው። ነይ ተደገፊኝ» አለቻት።

ልጁ ዞራ አየቻት። አክስት ጀርመንኛ አታውቅም፤ የምታውቀው የደከመ ሰው ትከሻ እንደሚፈልግ ነው።

«እጨርሰዋለሁ» አለች ልጁ ለአሳታሚው። ይህን ያለችው አባቷ ፈቅዶላት ይሁን እምቢ ብሏት፣ እሷም አላወቀችም። ከዚያ ጭንቅላቷን አክስቷ ትከሻ ላይ ጣለችና፣ ቤቱ በሰው ከሞላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

እያለቀሰች ጫማዋን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አወለቀች፤ ሁለቱን እግሮቿንም ቀዝቃዛው ወለል ላይ እኩል አሳረፈች።